ማሌሽ ለማለት የማይቸኩሉት አያ ደምሌ

ስልኩ የጠራው ጎንደር፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ይዤ ጉንጬን ደግፌ በተቀመጥኩበት ነው። የደወለው አንማው ነበር። ከተያየን ዓመታት አልፈዋል፤ የጎጃም ቅላጼው ግን ያው የድሮው ነው።

«አያ ደምሌ ዐረፉ» አለኝ። «ትናንት ቀበርናቸው። ትመጣለህ ብዬ ነው።»

ከአፌ የወጣው መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «ጥርሴን አሞኛል» አልኩት። «እሱንም ይዘኸው ና» ብሎ ዘጋው።

ወረፋዬን ትቼ ወጣሁ። በማግስቱ ማለዳ የገንዳ ውሃ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ቆላው ውስጥ ስንገባ ሰሊጥ ታጭዶ በየማሳው ነዶው ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ ዘንድሮ ዝናብ ያወራልኛል፤ እኔ የማስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አያ ደምሌ በደርግ ጊዜ፣ ከገንዳ ውሃ ወዲያ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ የማሳ ኃላፊያችን ነበሩ። እኔ ከእርሻ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በሰብል ተቆጣጣሪነት እሳቸው ሥር ተመደብኩ። ከወገባቸው በላይ የመንግሥት ካኪ፣ ከወገባቸው በታች ከሱዳን የመጣ ሰፊ ነጭ ሱሪ የሚለብሱ ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ሻያቸው ማንኪያ ያቆማል እየተባለ ይታማል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ደግሞ ያኮርፋሉ። ያረፈደ ሰው አይወዱም። ሲያዜሙ ድምፃቸው አያምርም፤ ይህን የነገራቸው ስለሌለ ግን ቀኑን ሙሉ ያዜማሉ። እንዲህ ያሉ ተራ ሰው ነበሩ። የማልረሳቸው ግን፣ ሰው ሲሳሳት በሚያደርጉት ነገር ነው።

በዚያን ዘመን ስህተት የሚስተናገድበት የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ተሰብስበን ሂስና ግለ ሂስ እናደርጋለን። አንዱ ተነስቶ ራሱን ይወቅሳል፣ ሌላው ይጨምርለታል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን። እኔ በዚህ ጎበዝ ነበርኩ። «የንቃተ ህሊናዬ ዝቅተኛነት ለዝርክርክነት ዳርጎኛል» ብዬ ስጀምር የፖለቲካ ኃላፊያችን ራሱን ይነቀንቅልኛል። ማጭድ የጠፋብኝም ቀን፣ ያረፈድኩም ቀን የምለው ያንኑ ነው። ማጭዱ የት እንደወደቀ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

አያ ደምሌ በዚህ ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ። የእሳቸው ስብሰባ ነገሩ የተበላሸበት ቦታ ላይ ነው። ትራክተር ከተሰበረ ትራክተሩ ሥር፣ ነዶ ከወደቀ ነዶው አጠገብ። ደርሰው መጀመሪያ መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ። አጥፊውም ይቀመጣል። ጥቂት ይተነፍሱና «ምን አይተህ ነው?» ይሉታል። «ለምን እንዲህ አደረግክ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ለምን ስትለው ምክንያት ይፈጥርልሃል» አሉኝ ስጠይቃቸው። «ያየውን ስትጠይቀው ግን ዓይኑን ነው የሚያውስህ። የሱን ዓይን ካላገኘህ ነገ ሌላውም ኸዚያው ይወድቃል።»

ይቅርታ መለመን የጀመረውን ደግሞ ቶሎ ያስቆሙታል። «ይቅርታህን ኪስህ አስቀምጣት። መጀመሪያ ያየኸውን።»

አንማውን ያወቅኩት በዚህ ምክንያት ነው። ለአጨዳ ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሰሊጥ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ታጭዶ የታሰረው ሰሊጥ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ነዶው ከነዶ ተደጋግፎ እስኪደርቅ ይቆማል፤ ይህን ክምር እዚያ ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ የፍሬው ቅርፊት አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ነዶውን ቀጥ አድርገህ ይዘህ ወደ ሸራው ማምጣትና እዚያ ላይ ገልብጠህ መምታት ነው። አንማው ነዶውን አንስቶ ትከሻው ላይ ጋደም አደረገና በኩራት ሄደ። ከሂላው እስከ ሸራው ድረስ ነጭ ሰሊጥ መሬቱ ላይ እንደ ገመድ ተዘረጋ። ሸራው ጋ ሲደርስ የያዘው ጭድ ነበር።

የቡድኑ አለቃ ሊሰድበው አፉን ሲከፍት አያ ደምሌ ደረሱ። በመስመሩ ላይ በእንብርክካቸው ትንሽ ሄዱ፤ ከዚያ ተቀመጡ።

«ምን አይተህ ነው?»

«እኛ አገር ጤፍ እንደዚህ ነው የምንሸከም» አለ አንማው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ሌላ አላየሁም።»

አያ ደምሌ ቀና ብለው ዙሪያውን ለቆምነው ሁሉ፣ «ኸዚህ መካከል እንዴት እንደሚያዝ ያሳየው ማነው?» አሉ። ማንም አልነበረም። እኛ ቆለኞቹ ሰሊጥ መያዝ ሲወለድ አብሮ የሚመጣ ይመስለናል።

በሚቀጥለው ዓመት ከደጋ አዳዲስ አጫጆች በመኪና ሲራገፉ፣ ፊታቸው ቆሞ ነዶ አያያዝ ያስተማረው አንማው ነበር። የአያ ደምሌ ሕግ ይህ ነው፤ ነገሩን ያጠፋው ሰው የዚያ ነገር መምህር ይሆናል። አንድ ሾፌር የናፍታ በርሜል በክረምት አቁሞ ትቶ፣ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ዝናብ ወደ ውስጥ ሰርጎ ሞተር አበላሽቶ ነበር፤ እሱ የበርሜሉ መምህር ሆነ። በርሜል በጎኑ ካልተጋደመ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። እንዲህ ያሉ መምህራን ከማንም በላይ ያስተምራሉ፤ የአዲሱን ስህተት ሞኝነት ነው አይሉም፤ እነሱም እንደዚያ አይተውት ነበርና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እኛ ጠረፍ ላይ ስንኖር ከሱዳኖቹ «ማሌሽ» የምትባል ቃል ወስደናል፤ ግድ የለም፣ አለፈ እንደማለት ናት። ውሃ ሲደፋ ማሌሽ፣ መኪና ሲያመልጥ ማሌሽ፤ እኛ ነገሩን ቶሎ ለመሸፈን ነው የምናወጣት። አያ ደምሌ አይቸኩሉባትም ነበር። ያጠፋው ሰው ጥፋቱን ለአዲሶቹ አስተምሮ ሲጨርስ ጠጋ ይሉና ትከሻውን ይዘው «ማሌሽ» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አይነሳም። አንማው ያን ዕለት ቃሏን ሲሰማ እንደ ሕፃን ነው የሳቀው።

ይህን ከየት እንዳመጡት አንዴ ነግረውኛል። ከአብዮቱ በፊት አብርሃ ጅራ አካባቢ ለአንድ ባለሀብት ወኪል ሆነው ያሠሩ ነበር። ሂላ የጣለ አንድ ሠራተኛን በሰው ፊት በጥፊ መትተው አባረሩ። በዚያው ሰሞን ከታች ያለው ክምር ውሃ ገብቶበት በሰበሰ። ሠራተኛው ሁሉ አይቶታል፤ የነገራቸው ግን የለም። «እጄ የሱ ፊት ላይ ሲያርፍ ጆሮዬን ነው ያጣሁት» አሉኝና ሻያቸውን አማሰሉ።

አሁን የራሴን ልናገር።

ከመኪና መንገዱ ዳር የሚጀምር አንድ ትልቅ የሰሊጥ ማሳ ነበረን። ዳሩ ረባዳ፣ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ውሃ ስለሚይዝ ሰሊጡ ቆይቶ ይደርሳል። ውስጡ ከፍ ይልና አሸዋማ ጉብታ ይሆናል፤ እዚያ ቶሎ ይደርሳል። ሰሊጥ በደረሰ በጥቂት ቀን ካልታጨደ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው ይረግፋል። የእኔ ሥራ በየቀኑ ጉብታው ድረስ ገብቼ አይቼ በማሳ መዝገብ ላይ መጻፍ ነበር። ድሮ ማሳውን ሰንጥቆ የሚገባ የእግር መንገድ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን መንገዱ ታርሶ ተዘርቶበታል። በደረሰ ሰሊጥ መካከል ደግሞ አይታለፍም፤ ልብስህ ሲነካው ይረግፋል። ያለው አማራጭ በወንዙ ዞሮ በሙቀት አንድ ሰዓት መሄድ ነው። ሦስት ቀን ተከታትዬ ከመንገዱ ዳር ቆሜ አየሁ። አረንጓዴ ነበር። ሦስቱንም ቀን «የውስጡ ማሳ ታይቷል፤ ገና ነው» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንማው የጠፋ አህያ ሲፈልግ በወንዙ በኩል ወጥቶ ጉብታውን አየ። ባዶ ቅርፊት በእፍኙ ይዞ መጥቶ ሳይናገር መዳፌ ላይ አራገፈው።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ የፖለቲካ ኃላፊው ጋ ደርሷል። ነገ ጠዋት መዝገቡን ይዤ እንድጠብቀው አዘዘ። ባለፈው ዓመት አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ አሻጥር ፈጽሟል ተብሎ በመኪና ወደ ጎንደር ተወስዶ ነበር፤ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ አልተመለሰም። ባለቤቴ ሳንጃ እናቷ ዘንድ ናት፤ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ቀናት ቀርተዋታል። አያ ደምሌ ጋ ሄድኩ። የጫማቸውን ጠፍር እየሰፉ ነበር።

«የጉብታው ሰሊጥ ረግፏል» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ቁጭ በል።» ተቀመጥኩ። «ምን አይተህ ነው ገና ነው ያልክ?»

«ከመንገዱ ዳር ነው ያየሁት። ዳሩ አረንጓዴ ነው።»

«መዝገቡስ ምን ይላል?»

መርፌውን አቆሙ።

«ታይቷል ይላል» አልኩ በመጨረሻ። «ገጹን ልቅደደው አያ ደምሌ?»

ሲቆጡ አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያን ጊዜ ግን አስፈርተውኝ አያውቁም። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ኸቀደድከው እኔም አላውቅህ» አሉ። «ሰሊጡ ስህተት ነው፤ መዝገቡ ውሸት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አትቀቅልብኝ። ነገ ኸዚያው ጉብታ ላይ ራስህ ትነግረዋለህ። ኸጎንህ እቆማለሁ። አንተን ሆኜ ግን አልናገርልህም።»

ጠላኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት ጠላኋቸው።

ጠዋት የፖለቲካ ኃላፊው መጣ። ወጣት ነው፤ በዚያ አቧራ ውስጥ ጫማው የሚያብለጨልጭ ብቸኛ ሰው ነበር። ቢሮ ውስጥ ሊያነጋግረኝ ወንበር ሲስብ አያ ደምሌ፣ «ጓድ፣ ማሳው ጋ ብንሄድ» አሉት። መንገዱ ዳር አቆሙትና ወደ ሰሊጡ እያመለከቱ፣ «በእርስዎ ዓይን ደርሷል አይዶል?» አሉት።

ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ይሄማ ገና ነው። አረንጓዴ ነው እኮ።»

«በሉ ወደ ውስጥ እንግባ።» ኃላፊው ቀጥ ብሎ ወደ ማሳው ሲራመድ ክንዱን ያዝ አደረጉት። «ይረግፋል፤ በወንዙ ነው የምንዞር።»

አንድ ሰዓት ሄድን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መዝገቡን ደረቴ ላይ አቅፌ ከኋላ እከተላለሁ። ኃላፊው ሁለቴ ቆሞ ጫማውን አራገፈ፤ ሦስተኛው ላይ ተወው። ጉብታው ላይ ስንደርስ ሰሊጡ ነጣ ብሎ ቆሟል፤ መሬቱ በፍሬ ተሸፍኗል። አያ ደምሌ ቁጭ አሉ። እኔም ተቀመጥኩ። ኃላፊው ትንሽ ካመነታ በኋላ ከደከመው ይመስለኛል፣ እሱም ተቀመጠ።

መዝገቡን ተቀብሎ አነበበ። «ሦስት ቀን ታይቷል ይላል።»

አያ ደምሌ ወደ እኔ አላዩም። መሬቱን ነበር የሚያዩት።

«አልገባሁም» አልኩ። «መንገዱ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት። ታይቷል ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።» ንቃተ ህሊናዬን አላነሳሁም።

«ይሄ አሻጥር ነው» አለ ኃላፊው፤ ግን በሐሙሱ ድምፁ አልነበረም።

«ጓድ፣ እርስዎ ራስዎ ኸዳር ሆነው ገና ነው ብለዋል» አሉ አያ ደምሌ በዝግታ። «አሻጥር አይዶለም፤ ኸዚያ የሚታየው ይኸው ነው። ይሄ ልጅ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም፤ በላዩም ዋሸ። ተናግሯል፤ ይጻፍበት። ግን የመጣንበትን አዩት አይዶል? አንድ ሰዓት። ድሮ በመካከል መንገድ ነበር። ሰኔ ላይ ያሳረስሁት እኔ ነኝ። ዕቅዱ ላይ የጎደለውን መሬት እሞላ ብዬ። ይሄም ይጻፍ።» ወደ ኃላፊው ዞረውም፣ «ዕቅዱን ሦስታችን ነን የፈረምን» አሉ።

ኃላፊው ከመሬት ጥቂት ፍሬ ለቅሞ በመዳፉ አገላበጠ። ከዚያ፣ «አሁን የሚድን ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ሲጠይቅ የዳንን ያህል ተሰማኝ።

አለ አሉት። የላይኛው ቅርፊት ገና አልተከፈተም ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ የቅርፊቱን ጤዛ ሳታደርቀው፣ ሠራተኛውን ሁሉ ይዘን ገባን። ሸራ ከሥር እያነጠፍን አጨድን። እኔና ኃላፊው የአንድ ሸራ ሁለት ጫፍ ይዘን ነበር። ግማሹ ይሁን ከዚያም ያነሰ ተረፈ። በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው «የአሠራር ጉድለት» ነው። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አያ ደምሌን ከኃላፊነት አውርደው ተራ የቡድን አለቃ አደረጓቸው፤ ማዜማቸውን ግን አልቀነሱም። መንገዱም ተከፈተ። ልጄ በተወለደች በሳምንቷ ሳንጃ ሄጄ አየኋት።

እኔም የዳሩ መምህር ሆንኩ። በየዓመቱ አዲስ ተቆጣጣሪ ሲመጣ መንገዱ ዳር አቁሜ «ደርሷል?» እለዋለሁ። ሁሉም «ገና» ይላል። ከዚያ ጉብታው ላይ እወስደዋለሁ። የአፈሩን ልዩነት፣ የዳሩን አታላይነት አሳምሬ አስረዳለሁ፤ ይስቃሉ፣ ይደነቃሉ። መዝገቡን ግን አላነሳም ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ አያ ደምሌ ከኋላ ቆመው ሲያዳምጡኝ ነበር። ስጨርስ መጡ። «ሙሉውን ነገርካቸው?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። ፊቴን ጥቂት አዩና «መልካም» ብለው ሄዱ። ትከሻዬን አልያዙም። በየዓመቱ እጠብቅ ነበር። እርሻውም ፈረሰ፣ እኔም ጎንደር ገባሁ፤ ያችን ቃል ከእሳቸው ሳልሰማ።

ገንዳ ውሃ ስደርስ አንማው በባጃጅ ጠብቆኝ ወደ ልቅሶው ቤት ወሰደኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሽበታም ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ የበርሜሉን መምህር በድምፁ ለየሁት። የአያ ደምሌ ልጅ እናኑ እጄን ልታስታጥበኝ መጣች። እርሻው በነበረ ጊዜ ያልተወለደች ሴት ናት።

«እርስዎ የምኑ ነዎት?» አለችኝ። ሰው ሁሉ የአንድ ነገር መምህር እንደሆነ አውቃ ነው ያደገችው።

«የዳሩ።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችው። «መንገድ የዘጋሁበት ልጅ የሚሉት እርስዎ ነዎት? አባዬ እስከ ዘንድሮ ድረስ አጨዳ ሲደርስ የሰፈሩን ገበሬ ሰብስበው ይናገሩ ነበር እኮ። እኔ የመንገዱ መምህር ነኝ ይላሉ። መሬት አተርፍ ብዬ መንገድ አርሼ፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ላሳስር ነበር ይላሉ።»

ስለ ራሳቸው ጥፋት ያን ሁሉ ዓመት አስተምረዋል። «ስለ መዝገቡስ ምን ይሉ ነበር?» አልኳት።

«የምን መዝገብ?»

አንማውን አየሁት። ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። እሱ ያውቃል፤ እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዳቸውም አልነገሯትም። እሳቸውም የእኔን ድርሻ ለእኔ ትተውት ሄደዋል።

መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ዳር ቁጭ አልኩ። ጥርሴ ይጠዘጥዛል። «ቁጭ በይ እናኑ» አልኳት። ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት ወጣት ገበሬዎችም ዞር አሉ። መንገዱ ዳር ምን እንዳየሁ፣ አንድ ሰዓት በሙቀት መሄድ እንደሰነፍኩ፣ ሳልገባ ታይቷል ብዬ ሦስት ቀን እንደጻፍኩ፣ ገጹን ልቅደደው ብዬ አባቷን እንደጠየቅኩ፣ ከዚያም በኋላ ዓመታት ሙሉ ግማሹን ብቻ ሳስተምር እንደኖርኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አልቸኮልኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩም።

ስጨርስ አንማው ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ጉልበቱ አስቸግሮት በዝግታ መጣና ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ያዘ።

«ማሌሽ» አለኝ በጎጃም ቅላጼው።